ኤሞኬ ያጠቆረችው ሰማይ

ኤሞኬና ፒሮሽካ በቬስፕሬም ከተማ የከዋክብት ክበብ ቴሌስኮፕ አብረው ካነሷቸው ፎቶዎች፣ ኔቡላ የሚባለውን የጠፈር ደመና ምስል በየራሳቸው ኮምፒውተር አዘጋጁ። ሁለቱም የክበቡን የቀን መቁጠሪያ ሽፋን ተመኝተዋል። ሰብሳቢው ጋሽ ኦዶን የፒሮሽካን መረጡ።

ኤሞኬ ፖጋቻ የሚሉትን ትንሽ ዳቦዋን እያኘከች በምስሉ ላይ እንከን ፈለገች፤ አጣች። እንዲያውም በደመናው ዙሪያ፣ እሷ ጋ የሌለ ስስ ቡናማ አቧራ አየች።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?» አለች ፈገግ ለማለት እየሞከረች።

«አንቺ ጋ የለም እንዴ? ያው ፎቶ እኮ ነው!»

«እኔ ቆሻሻ መስሎኝ አጸዳሁት። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።»

«ውይ የኔ እህት! እኔማ ሰነፍ አይደለሁ? እንዳለ ተውኩት።»

ጋሽ ኦዶን ሳቁ። ኤሞኬም ሳቀች። ፒሮሽካ ለፍታበት ቢሆን ኖሮ፣ ኤሞኬ ይቅር ትላት ነበር።