በኪቦርድ ሻንጣ የተጓዘችው ምንሽር

አቶ አባይነህ ጠመንጃ እንዳላቸው የማያውቅ ሰው አፍንጮ በር ላይ ካለ፣ ወይ ትናንት የገባ ተከራይ ነው፣ ወይ ጆሮው አይሰማም። ምንሽሯን ከአባታቸው ወርሰዋታል። ቅዳሜ ቅዳሜ በረንዳ ላይ አውጥተው፣ በዘይት ጨርቅ ወልውለው፣ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ታሪኳን ሳይተርኩ ምሳ አይቀርቡም። ታሪኩ ደግሞ በየዓመቱ ይረዝማል እንጂ አጥሮ አያውቅም። ከጎረቤታቸው ከሽኩር ጋር በአጥር የተጣሉበት ቀን ከተነሳማ ማን ያስቆማቸዋል። «ጣቴ ምላጩ ላይ ነበረች፤ ምሬው ነው» እያሉ አሥራ ስምንት ዓመት ኖረዋል። ሽኩርም ዛሬ የዳማ ጓደኛቸው ስለሆነ፣ ምሕረቱን በየሳምንቱ እየተቀበለ ቆርኪውን ይገፋል።

ማክዳ በዚያው ግቢ ተከራይ ናት፤ በሞተር ዕቃ እያደረሰች ነው የምትተዳደረው። አከራይዋ እትዬ ለተክርስቶስ፣ የአቶ አባይነህ ባለቤት፣ እንደ እናት የሚሆኑላት ሴት ናቸው። አንድ ነገር ላይ ብቻ ቀልድ አያውቁም። የግቢው በር ቁልፍ የለውም፤ የሚዘጋው በሁለት ቀለበቶች መሐል በምትሰካ ቀጭን ብረት ነው። ብረቷ ከእስክሪብቶ ትንሽ ረዘም ትላለች፣ ጫፏም ሾል ያለ ነው። ማክዳ አንድ ቀን ረስታ በኪሷ ይዛት ብትወጣ፣ እትዬ ለተክርስቶስ ቦሌ ድረስ ደውለው ከመንገድ አስመለሷት። ያቺን ብረት የጣለ ሌላ ቤት ይፈልግ ነው ሕጋቸው። ማክዳም የዕድሜ አመል ነው ብላ ተወችው።

ነገሩ የመጣው ከፖሊስ ጣቢያ በተላከ ደብዳቤ ነው። ፈቃድዎ እንዲታደስ መሣሪያዎን ለምርመራ ያቅርቡ ይላል፤ የመጨረሻው ቀን ሐሙስ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። በቀኑ ያልቀረበ ወይም ብልሽት የተገኘበት መሣሪያ እዚያው ይቀራል። ሰው ሁሉ አቶ አባይነህ በማግስቱ ፎክረው ይሄዳሉ ብሎ ሲጠብቅ፣ እሳቸው ሰኞን ጉንፋን ያዘኝ፣ ማክሰኞን ወገቤን አሉ፤ ረቡዕን ዝም ብለው አሳለፉት። ሐሙስ ጠዋት ታክሲ ቢጠሩ ሾፌሩ ምንሽሯን አየና መስኮቱን ሳይዘጋ ተፈተለከ። ያኔ እትዬ ለተክርስቶስ ማክዳን ለመኗት። ያቺ ጠመንጃ ከቤት ብትወጣና ባትመለስ ሰውየው ይሞትብኛል፣ ቁጥሯን ብቻ አይተው ይመልሷት የለ፣ አድርሺልኝ አሏት።

ማክዳ ደግሞ የዋዛ አይደለችም። ሞተሯ እንጀራዋ ናት፤ በሕገ ወጥ ጭነት ብትያዝ ሰሌዳውም መንጃ ፈቃዱም ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ጣቢያ ደወለች። ስልኩን ያነሳው ሳጅን ተክላይ የሚባል የመሣሪያ መርማሪ አንድ በአንድ ነገራት። ጥይት የሚባል ነገር አይኖርም። ጥይት የሚያቀባብለው መዝጊያ ተነቅሎ ለብቻ ይያዛል፣ መሣሪያው ለብቻ። የሚቆለፍ ሻንጣ ውስጥ ሆኖ ከሞተሩ ጋር በደንብ ይታሰራል። ባለፈቃዱ ራሱ ወረቀቱን ይዞ አብሮ ይመጣል፤ መንገድ ላይ ማኪያቶ ለመጠጣት መቆም የለም።

አቶ አባይነህ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። እሳቸው ያሰቡት ካፖርታቸውን ደርበው፣ ምንሽሯን አንግተው፣ በፒያሳ በኩል ብቅ ማለት ነበር።

«ጠመንጃ ሬሳ ነው እንዴ በሳጥን የሚሄደው?»

ማክዳ እንግዲያው በእግርዎ ይሂዱ አለቻቸው። ትንሽ ተነፋፍተው ተሸነፉ። መዝጊያውን ልንቀለው ብላ እጇን ስትሰድ ግን ቆጣ ብለው መለሷት፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ራሳቸው ነቀሉና በመሐረብ ጠቅልለው፣ በሁለት ቋጠሮ አስረው ሰጧት። እሷም በትከሻዋ በምትይዘው ቦርሳ ውስጥ ዘጋችበት።

የሚበቃ ሻንጣ የተገኘው ከጎረቤት ነው። ዕዝራ በቸርቹ ኪቦርድ ይጫወታል፤ የኪቦርዱ ጥቁር ሻንጣ ጠንካራ፣ ባለ ቁልፍ፣ ርዝመቱም ለምንሽሯ የተለካ ይመስላል። ለምን እንደፈለጉት ነግረውት፣ ኪቦርዱን አውጥቶ በደስታ ሰጣቸው። ችግሩ ሻንጣው ላይ በብርማ ፊደል፣ ከዳር እስከ ዳር፣ «ኢየሱስ ጌታ ነው» የሚል መለጠፉ ነው። አቶ አባይነህ ማተባቸውን ነካ ነካ አደረጉ። ጌታ መሆኑ መቼ ጠፋኝ፣ ይሄን ሻንጣ ይዤ ግን ጊዮርጊስ በር ላይ ማለፍ አልችልም አሉ። ነጠላ ላልብሰው ቢሉ፣ ጨርቅ ጎማ ውስጥ ገብቶ ሁለታችንንም አስፋልት ላይ ያነጥፈናል ብላ ማክዳ ከለከለች። ሻንጣውን በሞተሩ ጎን አጋድማ፣ በሦስት የጭነት ቀበቶ ጠፍራ፣ ወዝውዛ አየችው፤ ንቅንቅ አይልም።

የራስ መከላከያውን ልታጠልቅላቸው ባርኔጣቸውን ብታነሳ፣ አንዲት ጥይት ዱብ አለች። ሁለቱም አዩአት።

«ለክፉ ቀን ናት» አሉ አቶ አባይነህ፣ ዓይናቸውን ሳይሰብሩ።

ክፉ ቀን ማለት እኔ ስያዝ ነው ብላ ጥይቷን ለእትዬ ለተክርስቶስ አስረከበችና ተነሡ።

የራስ መኮንን ድልድይን አልፈው ወደ ፒያሳ እስኪወጡ ድረስ አቶ አባይነህ አንገታቸውን ቀብረው ነበር። የድሮ ሰው እንኳ ብዙ አልቀረም፤ የሚያውቋቸው ቡና ቤቶች ግማሾቹ ፈርሰዋል፣ ውቤ በረሃም የወጣትነታቸው ውቤ በረሃ አይደለችም፣ መንገዱ ሰፍቶ የእግረኛው ንጣፍ ያብረቀርቃል። ታዲያ ሰይጣን ሲፈጥረው፣ ቀይ መብራት ላይ ሲቆሙ፣ ካፌ በረንዳ ላይ የተቀመጠው የማኅበር ጓደኛቸው ወርቅአፈራሁ ሆኖ ተገኘ። ወርቅአፈራሁ ሻንጣውን አነበበ፤ መነጽሩን አስተካክሎ ደግሞ አነበበ። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ አባይነህ በዚህ ዕድሜህ ሃይማኖት ለውጠህ መዝሙር ልትጫወት ነው እንዴ ብሎ ለበረንዳው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ጠየቀ።

አቶ አባይነህ ከዚህ ወዲያ ምን መደበቅ አለ። በሞተሩ ላይ ግማሽ ቆመው «ጠመንጃ ነው!» ብለው ጮኹ።

ከበረንዳው የሳቅ ውካታ ተነሣ፤ አንድ ትራፊክ ፖሊስ ግን አልሳቀም፣ በእጁ ወደ ዳር ጠራቸው። ማክዳ ወርዳ፣ ከመጠየቋ በፊት፣ አዎ ጠመንጃ ነው ብላ ወረቀቱን፣ ደብዳቤውን፣ የሻንጣውን ቁልፍና ቦርሳዋን አስረከበች። ፖሊሱ ሻንጣውን ገለጥ አድርጎ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር አመሳከረ፣ መሐረቡን ከላይ ዳሰሰ፣ ቀበቶዎቹን ሳብ ሳብ አደረገ። ከተማው ውስጥ ድንች እንኳ እንዲህ አስሮ የሚጭን አላየሁም ብሎ መንገድ አስለቀቀላቸው። ማክዳ ኮራች። አቶ አባይነህ ግን ወርቅአፈራሁ እሑድ ለማኅበሩ ምን ብሎ እንደሚያወራ እያሰቡ እስከ ጣቢያው ድረስ ተብሰለሰሉ።

ሳጅን ተክላይ ምንሽሯን ሲያያት ፊቱ በራ። አንሥቶ፣ አገላብጦ፣ እንዲህ ተይዛ የምትኖር አሮጌ መሣሪያ ብርቅ ናት አለ። አቶ አባይነህ ደረታቸው ሊነፋ ሲል ሳጅኑ መሐረቡን ፈታና መዝጊያውን አነሣ። አንዴ ነቀነቀው፣ አጮለቀበት፣ ፊቱ ጠቆረ። መርፌዋ የለችም አለ። የጥይቱን ቂጥ የምትመታው መርፌ ከሌለች ጠመንጃው ተበላሽቷል ማለት ነው፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልመጣች እዚሁ ይቀራል።

ማክዳ ወደ አቶ አባይነህ ዞረች። እሳቸው ጣሪያውን እያዩ ነው። የአባታቸው ጠመንጃ ጠረጴዛ ላይ ልትቀር ነው፣ እሳቸው ግን የጣሪያውን ቆርቆሮ ይቆጥራሉ። መርፌዋ ምን ትመስላለች ብላ ሳጅኑን ጠየቀችው። በጣቶቹ ለካላት፤ ከእስክሪብቶ ትንሽ ረዘም ትላለች፣ ጫፏ ሾል ያለ ነው።

ማክዳ በየቀኑ ስትወጣና ስትገባ የምትነካት ብረት እጇ ላይ የመጣች መሰላት። መጣሁ ብላ ወጣች።

አፍንጮ በር ስትደርስ አሥር ሰዓት አልፏል። ብረቷን ከቀለበቱ ስትመዝ እትዬ ለተክርስቶስ ከጓሮ ብቅ አሉና ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ማን ነገረሽ አሏት። ማንም አለቻቸው። ያኔ በር ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ነገሯት። የአጥሩ ጠብ ቀን ሽኩር የተረፈው ሰው ገላግሎ ነው፤ ምሕረት የሚባል ነገር አልነበረም። በማግስቱ ባላቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ መርፌዋን አወጧት። የትም ቢደብቋት ያገኛታል፤ ስለዚህ ሁሉ ሰው የሚያያት ቦታ ላይ ሰኳት።

«እስከ ዛሬ አያውቅም» አሉ። «እንዳትነግሪው፤ ያፍራል።»

በባዶው ቀለበት ውስጥ የወጥ ቤት ሹካ ሰክተው ሸኟት።

ማክዳ ጣቢያ የደረሰችው ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነው። ሳጅን ተክላይ መርፌዋን ተቀብሎ አገላበጣት። ወገቧ በእጅ ብዛት ያበራል። የት ነበረች ብሎ ሲጠይቅ፣ ማክዳ አልዋሸችም፤ ለብቻ ይያዝ ብላችሁኝ የለ፣ ለብቻ ተቀምጣ ነበር አለችው። መርፌዋ ገባች፣ ምላጩ ተሳበ፣ ቀጭ አለ። ማኅተሙ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ሳጅኑ መርፌዋን መልሶ አወጣና በመሐረቡ ለብቻ ጠቅልሎ ሰጣቸው፤ መንገድ ነውና።

ሻንጣውን እያሰረች ሳለ አቶ አባይነህ ጎንበስ ብለው በጆሮዋ ጠየቋት።

«በሩን በምን ዘጋችሁት?»

ማክዳ እጇ ቀበቶው ላይ ቀረ። በየሳምንቱ ያንን መዝጊያ የሚወለውል ሰው መርፌዋ መጥፋቷን እንዴት አያውቅም፤ ይህን ሳታስብ መዋሏ ገረማት። ታዲያ ጠዋት ለምን ከበሩ ነቅለው አልመጡም አለቻቸው።

«ብነቅላት ታየኝ ነበር» አሉ። «ከዚያ እንቅልፍ አይወስዳትም። ስለዚህ ጠመንጃዋ ብትቀር ይሻላል ብዬ።»

ሲመለሱ ወርቅአፈራሁ አሁንም በረንዳው ላይ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ግን አቶ አባይነህ እጃቸውን አውለብልበውለት አለፉ።

እትዬ ለተክርስቶስ በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ባላቸው ከሞተሩ ወርደው፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ፣ ከመሐረቡ ውስጥ ብረቷን አወጡ። ሹካውን ከቀለበቱ መዘዙና ለሚስታቸው ሰጧቸው፤ ብረቷን በቦታዋ ሰኩ። ሴትዮዋ ሹካውን እንደያዙ አንዴ በሩን፣ አንዴ ባላቸውን ያያሉ፤ ፊታቸው ቀልቷል።

አቶ አባይነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ምን ታይኛለሽ፣ መንግሥት ያለው ነው፤ መሣሪያው ለብቻ፣ መርፌዋ ለብቻ። እኔ አሥራ ስምንት ዓመት ሕግ አክብሬ ነው የኖርኩት።»

ከዚያ የዕዝራን ሻንጣ አንግተው፣ እራት ደርሶ እንደሆነ እየጠየቁ ወደ ቤት ገቡ።