ካልሲዬን ያወለቅኩ ዕለት

እህቴ እንዳረገዘች እናቴ ጎማ ወደምለጥፍበት ቦታ ድረስ መጥታ፣ እስክትወልድ ድረስ እቤት ዝር እንዳልል ነገረችኝ። ምክንያቱን አልጠየቅኩም። ከተወለድኩ ጀምሮ ከግራ ቁርጭምጭሚቴ ከፍ ብሎ፣ በሲባጎ ጠፍረው ሳይፈቱት የረሱት የሚመስል ስርጉድ አለብኝ። የሰፈር ልጆች «ቀለበቶ» ይሉኝ ነበር። እናቴ፣ እርጉዝ ካየችው በጽንሱ ላይ ይወጣል ብላ ነው። እህቴ ግን አይታው አታውቅም፤ ካልሲ አድርጌ ነው የምተኛው። እሺ ብያት ጎማዬን መለጠፌን ቀጠልኩ።

ዝርም አላልኩም። ልጅቷ ያንኑ ይዛ ተወለደች። ባቷን ዙሪያውን የቆረጠ ስርጉድ፣ ከሱ በታች እግሯ አብጦ፣ ተወጥሮ፣ ጠቁሮ።

ያኔ ተፈለግኩ። ዶክተሯ እንዲህ ያለበት ዘመድ አለ ወይ ብላ ጠይቃ እንጂ ናፍቄያቸው አይደለም። ሆስፒታል ስደርስ እናቴ «ይኸው መጣ» አለች፣ የተላከ ዕቃ ይመስል።

ዶክተሯ ረጋ ብላ አስረዳችን። በዘር አይወረስም፣ በማየትም አይመጣም። የእንሽርት ውሃ የያዘው ከረጢት ስስ ሽፋኑ ይቀደድና እንደ ክር የተላቀቀው እግር ላይ ይጠመጠማል፤ ልጅ ያድጋል፣ ክሩ አያድግም። ስርጉዱን ቆርጣ አውጥታ፣ መልሶ እንዳይጠብቅ ቆዳውን በዚግዛግ ትሰፋዋለች። ደሙ እንዳይቋረጥ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን በኋላ። ከተተወ እግሩ ሊሞት ይችላል አለች። እናቴን አየኋት። ጣሪያውን ታያለች።

ዶክተሯ ወደ ሌላ በሽተኛ ስትሄድ፣ እህቴ አልፈርምም አለች። አራስ ልጇን በማደንዘዣ አስተኝተው መቁረጡ አስፈራት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ ባሏ ባሰ። ይህ ሰው በሰርጉ ቀን ወንበር ሞላ ብሎ ከሰሃን አጣቢዎች ጋር ጓሮ ያስቀመጠኝ ነው።

«ወንድምሽ ምን ሆነ? እንደ ሰው ይሄዳል። ይቅርባት» አለ።

እናቴም ደገፈችው። ዕድሜ ልኬን ጉድ ስባል ኖሬ፣ የዚያን ቀን ደህና ሰው ሆንኩ።

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ፈታሁ። ካልሲዬን አወለቅኩና እግሬን አልጋዋ ጫፍ ላይ አስቀመጥኩላት፤ ያበጠ፣ ጠባሳ በጠባሳ የሆነ። የጋለ ብረት ወድቆበት፣ የሚቃጠለው የኔ ሥጋ መሆኑን ያወቅኩት በጠረኑ እንደሆነ ነገርኳት። ዓይኔን ወደ እናቴ መለስኩ።

«ወንድም ጋሼ፣ ይሰማሃል?» አለች እህቴ።

«ምኑ?»

ዞር ብዬ ሳይ፣ የአውራ ጣቷ ጥፍር ሥጋዬ ውስጥ ገብቷል።

ለምን ሐኪም ቤት እንዳልወሰደችኝ እናቴን ጠየቀቻት። ያኔ መኪና የት ነበር አለች።

«እኔን ጥርሴን ሲያመኝ በምን ወሰድሽኝ?»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ጫማህን አድርግ፣ ሰው ያያል» አለችኝ።

እህቴ ፈረመች።

የመጀመሪያው ግማሽ ተሠርቶ ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ጠሩኝ። እብጠቱ ጎድሏል። ዶክተሯ የልጅቷን ውስጥ እግር በእስክሪብቶ ጫፍ ጫር አደረገችው። ልጅቷ እግሯን ሰብስባ አለቀሰች። ሁሉም ሳቁ። እህቴ ብቻ እኔን አየችኝ።

ባሏ ወንበር ሳበልኝ። የሚጠብቀኝ ደንበኛ አለ ብዬ ወጣሁ። የሚጠብቀኝስ አልነበረም።