በመዶሻ የተመሰከረላት ሽጉጥ

ኦርቢን ስታምፐር ሽጉጥ ሲሸጥ ሰባኪ ይወጣው ነበር። በሌላ ጊዜ ከአፉ ቃል የሚወጣው በስንት መከራ ነው፤ ነፍሷን ይማርና ሚስቱ «ዝምታውን አዋቂነት መስሎኝ አገባሁት» እያለች ትስቅበት ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን፣ ሱቁ የዶሮ መኖና የዓሣ መንጠቆ በሚገዛ ሰው ሲሞላ፣ ያቺን ርካሽ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ከባንኮኒው መስታወት ሥር ካወጣት በቃ፣ የሚያቆመው የለም።

«ቆንጆ ናት አልልም» ብሎ ይጀምራል። «እጀታዋ ፕላስቲክ፣ ምላጯ እንደ በቅሎ ግትር። ከሩቅ ልምታ ለሚል ሰው አትሆንም። ሽጉጥ ጨብጦ ለማያውቅ ሰው ግን ይቺን የምታህል የለችም። ለምን ቢባል፣ ካልሳቧት አትተኩስም።»

ይህን ብሎ፣ እርሳስም ባሩድም የሌለው፣ ቂጡ ላይ መለኮሻው ብቻ የቀረ ቀለህ ያጎርሳታል። ከዚያ መቺዋን በእንጨት መዶሻ ይነርተዋል። ዝም። ወለሉ ላይ ይጥላታል። አሁንም ዝም። በመጨረሻ አንስቶ ምላጯን ሲስብ ጧ ትላለች፣ ሰው ይስቃል። ምድጃው አጠገብ ካለችው አግዳሚ ወንበር የማይነሳው ሽማግሌ ክሌተስ «ከሚስቴ ትሻላለች፤ የኔዋ ሳትነካም ትተኩሳለች» ይላል። በየሳምንቱ ያንኑ ይላል፣ በየሳምንቱም ይሳቅለታል። በዚያ የኬንታኪ ሸለቆ የመጀመሪያ ሽጉጡን የገዛ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል የገዛው እሷን ነው።

ዌንደል ኮዲልም የገዛው እሷን ነው። ቅዳሜ አልነበረም፤ ነሐሴ ውስጥ በአንድ ተራ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ብቻውን ገባ። ገና ለግላጋ ወጣት ነው፤ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዱ ከተዘጋ ወዲህ ሥራ ፈትቶ እናትና አባቱ ቤት ተመልሷል። ጎረምሳ ሁሉ ሽጉጥ ሲይዝ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የአጋዘን ጭንቅላት ላይ ሳያነጣጥር አይወጣም። ዌንደል አላነጣጠረም። ክብደቷንም በእጁ አልመዘነም። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «ለጀማሪ ትሆናለች?» ብሎ ብቻ ጠየቀ። ኦርቢን ደግሞ ገበያ መጣ ብሎ ስብከቱን ከሀ እስከ ፐ አወረደለት፣ መዶሻውም አልቀረም። ሽጉጧን እንጂ ልጁን አላየውም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዌንደል ሞተ።

ከዚያ ወዲህ ልጁ ከሱቁ አልወጣም። ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ኦርቢን ቀና ካለ፣ ከባንኮኒው ጫፍ፣ የዓሣ ክር ከተሰቀለበት አጠገብ፣ እጁን ጃኬቱ ኪስ ከትቶ ቆሞ ያገኘዋል። ክሌተስ አያየውም። ልጁ አይናገርም፣ አያስፈራራም፤ አንድ ሰው አንድ ነገር እንዲጠይቀው የሚጠብቅ ይመስላል። ኦርቢን ግን ይፈራዋል። ወንድ ልጅ አይፈራም የሚል ካለ መጥቶ እዚያ ባንኮኒ ኋላ ይቁምና እንየው። ስብከቱን ትቶታል። ሽጉጦቹን ግን ከመስታወቱ ሥር አላነሳቸውም፣ ምክንያቱም ጥፋት አላገኘባቸውም።

በዚያ ሸለቆ ሰው በገዛ እጁ ሲሞት የምትባል አንዲት ነገር አለች። «ሽጉጡን ሲወለውል ባርቆበት ነው» ይባላል። ሸሪፉ ይላታል፣ ፓስተሩ ከሬሳው ፊት ይደግማታል፣ ሴቶቹ የቦሎቄ ሾርባና የበቆሎ ዳቦ ይዘው ሲመጡ በር ላይ ይሏታል። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይጠይቅም። ደግ ውሸት ናት፤ ስንቷን እናት ደግፋ አቁማለች። ለዌንደልም ተባለች።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ አንድ ማክሰኞ የዌንደል እናት ኖላ ኮዲል ወደ ሱቁ ገባች፤ የወረቀት ከረጢት በሁለት እጇ ይዛለች። ክሌተስ እሷን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀና ላሙን ማየት እንዳለበት ተናግሮ ወጣ። ላሙን ከሸጠ ዘመን ሆኖታል።

ከረጢቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ሸሪፉ መልሶልን ነው አለች። ኦርቢን ሳይከፍተው አወቀ።

«እንድትመረምርልኝ ነው» አለችው። «ወድቃ ትተኩስ እንደሆነ።»

«ወይዘሮ ኖላ፣ ይህን ነገር ቢተዉት…»

«ቆይ፣ ልጨርስ። ሲወለውል ነው ይሉኛል። እኔ ራሴ ስንቱ ደጅ ድስት ተሸክሜ ሄጄ ብያታለሁ። ምን ማለት እንደሆነች አውቃለሁ። አሁን እኔኑ ሲሉኝ እንዴት ልመን? አንድ ሌሊት አባቱን ቀስቅሼ፣ ምናልባት እውነት ከጠረጴዛ ላይ ወድቃበት ቢሆንስ አልኩት። ምን አለኝ መሰለህ? ተይ ኖላ፣ ኦርቢን በየቅዳሜው በመዶሻ ሲቀጠቅጣት አይተን የለ ወይ አለኝ። እኔም አይቻለሁ። የዶሮ መኖ ልገዛ መጥቼ ከሰው ጋር ስቄያለሁ።»

አገሩ ሁሉ ለእናቶች ብሎ ክፍት የተዋትን ያቺን ጠባብ በር የዘጋባት ኦርቢን ነው፤ ደግሞ በጉራ። ስለዚያች ሽጉጥ የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር፣ እውነቱም አሁን እንደ ድንጋይ ደረቱ ላይ ተቀመጠ። ፈታትቼ ልያት፣ እሳቱ ዘንድ ይቀመጡ ብሏት ከረጢቱን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ።

ሞርሳ ላይ አሰራት። በካቻቢቴ የጎኗን ብሎኖች ፈታ። ውስጧ ንጹሕ ነው። ምላጩ እስኪሳብ ድረስ መቺውን ከጥይቱ የምታግደዋ ትንሽ ብረት በቦታዋ አለች። ያቺ ብረት እያለች ሽጉጧ ከጣሪያ ብትወድቅ አትተኩስም። በስተግራው የሰው መኖር ተሰማው። ዌንደል ከባንኮኒው ጫፍ ተነስቶ እዚህ ድረስ ሲመጣ የመጀመሪያው ነው፣ ሞርሳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ምን ልበላት?» አለው ኦርቢን በሹክሹክታ።

ልጁ መቼ ተናግሮ ያውቃል።

ከሱቁ በኩል የኖላ ሳል ተሰማ። ኦርቢን በጉጠት ያቺን ትንሽ ብረት ነቅሎ ሸሚዙ ኪስ ከተታት። ብሎኖቹን መልሶ አጠበቀ። ዕድሜውን በሙሉ የሰው ሽጉጥ ሲጠግን ኖሮ፣ ደህናውን ሲያበላሽ የመጀመሪያው ነበር።

ተመልሶ ሲወጣ እሷ ከወንበሩ ተነስታ ባንኮኒውን ተደግፋለች። ባዶ ቀለሁን እያሳያት አጎረሰ፤ አፈሙዟን የአሸዋ ጆንያ ላይ አዞረ፣ መዶሻውን አነሳ። አንድ ጊዜ መታ።

ጧ አለች።

ኖላ ደንግጣ ደረቷን ያዘች። ከዚያ ቀስ ብላ «ድገመው» አለች። ሌላ ቀለህ አጎርሶ ደገመው። ጧ አለች። ኖላ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

«መቺውን የምታግደዋ ብረት የላትም» አላት፤ ድምፁ የራሱ አልመስለው አለ። «ከፋብሪካ ከመጣች ጀምሮ ጎድሏት ይሆናል። ቅዳሜ ቅዳሜ የምመታው የማሳያዋን ነው። የሱን ግን የገዛት ቀን ሳልከፍት ሸጥኩለት። መፈተሽ ነበረብኝ።»

መዶሻውን ያን ቀን ዌንደል ፊትም አንስቶት ነበር፤ ያንን እሷ አታውቅም። እሳቱ ውስጥ እንጨት ተንሸራተተ። ኖላ ቀና ብላ አየችው። አብረው ትምህርት ቤት ሄደዋል፤ በሚስቱ ቀብር ጊዜ ከጎኑ የቆመችው እሷ ናት።

«እንግዲህ ልጄን የገደልከው አንተ ነህ» አለች።

«አዎ። እኔ ነኝ።»

ውሸት ነው። ሲናገረው ግን እንደ ውሸት አልጎመዘዘውም፤ እንዲያውም ከነሐሴ ወዲህ ከአፉ የወጣ እውነት ቢኖር ይህ ነው መሰለው። ትመታኛለች ብሎ ጠበቀ። ብትመታውም ይወድ ነበር።

«ይኸውልህ ኦርቢን» አለች፤ እንባዋ መጣ። «አንተን ይቅር ማለት እችላለሁ። ከባድ ነው፣ ግን እችላለሁ። እሱን አልቻልኩም ነበር። ስንት ሌሊት ተንበርክኬ ሞከርኩ፤ ትቶኝ ሄዷል እያልኩ፣ የወለድኩትን ልጅ ጠላሁት።»

እጇን ዘርግታ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ልማድ፣ መዳፏን ራሱ ላይ ጫነች። በስሙ እየጠራችው ጮክ ብላ ጸለየችለት፤ ይህን ሰው ማርልኝ፣ ቸልተኝነቱን አትቁጠርበት፣ ሌሊቱን እንቅልፍ ስጠው አለች። ኦርቢን አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ። ይህ ምሕረት ያስፈልገው ነበር፤ ያገኘው ግን ባልሠራው ኃጢአት በኩል ነው። የሠራውን ቢነግራት ልጇን መልሶ ይገድልባታል። ስለዚህ ዝም ብሎ ተቀበለ።

ከዚያ ሽጉጧን ምን ላድርጋት አላት። ቁረጣት አለችው። እዚያው እያየችው በብረት መጋዝ አፈሙዟን ለሁለት ቆረጣት። ከመስታወቱ ሥር የቀሩትንም እንዲያነሳ አዘዘችው፤ የሌላ ሰው ልጅ ደግሞ በእነሱ እንዳይሞት። እሺ አለ። እስከ እሑድ አገር ምድሩ እንደሚሰማ፣ ከእንግዲህ ሽጉጥ ከእሱ የሚገዛ ሞኝ እንደማይገኝ ያውቃል። ክሌተስም ወንበሩን ይዞ መንገዱ ማዶ ነዳጅ ማደያው ዘንድ ይሄድ ይሆናል። ይሂድ።

ኖላ ሻርፗን አስተካክላ በሩን ከፈተችና እጀታውን እንደያዘች ቆመች።

«አንድ ነገር ብቻ» አለች። «መቼ ነበር የገዛት?»

ኦርቢን መልስ ሳይሰጥ ቀጠለች። «የሞተ ዕለት ጠዋት ተጣልተን ነበር። ለማይረባ ነገር። የበላበትን ሳህን ሳያጥብ ትቶ፣ እኔም አፌ አያርፍ፣ አንተ እኮ ከሰው አትቆጠርም አልኩት። ምንም አልመለሰልኝ፣ መኪናውን አስነስቶ ወጣ።»

ያቺ መኪና የት እንደቆመች ኦርቢን ያውቃል። እዚሁ በር ላይ፣ እኩለ ቀን ላይ ነው የቆመችው፣ ልጁም ዓይኑ ቀልቶ ከእሷ ወረደ። ቀኑን ከኦርቢን ሌላ የሚያውቅ ሸሪፉ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የዚያው ሸለቆ ልጅ ነው፣ አይናገርም።

«ኧረ ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው» አላት። «ፋሲካ ሰሞን። ወንዝ ወርጄ ዓሣ ሳጠምድ ለእባብ ትሆነኛለች ብሎ።»

«ለእባብ» አለች ኖላ። ፊቷ ተፈታ፤ የዚያን ሁሉ ጊዜ ሐዘን አቋርጦ ሳቅ መጣላት። «ከልጅነቱ እኮ ነው! የውኃ ጎማ መሬት ላይ ተጋድሞ ካየ ቤት የማይገባ ልጅ ነበር። እባብ ሲፈራ!»

እየሳቀችና እንባዋን በሻርፗ ጫፍ እየጠረገች ደረጃውን ወረደች፤ ለአባቱ ልትነግረው እየተጣደፈች ነው። ኦርቢን መኪናዋ ከመንገዱ መታጠፊያ እስክትጠፋ በሩ ላይ ቆሞ አያት። ወደ ውስጥ ግን ፊቱን አላዞረም፤ ማን ቆሞ እንደሚጠብቀው ያውቃል።