የውሰት ቁንጮ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በራቤል መንደር የአመተሥላሴን ልጅ ስም ያወጣው ግን ፍርሃት ነው። አመተሥላሴ ከእሱ በፊት የወለደቻቸውን ሁሉ ገና በአራስነቷ ቀብራለች። ይኸኛው ሲወለድ የመንደሩ አሮጊቶች መከሩና የትምወርቅን አስጠሩ።

የትምወርቅ ከጅረቱ ማዶ የበግ ፀጉር እየፈተለች ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። አያቷ በባላባቱ ቤት በገንዘብ የተገዛች ነበረች። ባላባቱ ሞተ፤ ርስቱን ደርግ ወሰደው፤ ደርግም በተራው ሄደ፤ ቃሉ ብቻ የሚነቅለው ጠፋ። ሰው ሲጣላት "ባሪያ" ይላታል፤ ሳይጣላትም ይላታል። የሚያገባት ጠፍቶ ዕድሜዋ አለፈ።

የዚያን ዕለት ግን ተፈለገች። ሞት ኩሩ ነው፥ የባሪያ ልጅ ይንቃል አሉ አሮጊቶቹ። ሕፃኑን ከደጃፍ ተቀበለች፤ እፍኝ ገብስ ዋጋ ሰጠችና ያስጠኗትን ቃል አለች፦ "ገዝቼዋለሁ። የኔ የባሪያዋ ልጅ ነው።" ስሙም ባሪያው ተባለ። ራሱን ላጭታ ከቀኝ ጆሮው በላይ ብቻ ቁንጮ ተወችለት፤ በእናቷ ቤት ልጅ የሚላጨው እንዲያ ነበር። ታናሽ ወንድሟ በዚያ ቁንጮው እየተለየ፥ በድንጋይ እየተባረረ አድጎ፥ አንድ ቀን ወደ ቆላ ወርዶ በዚያው ቀረ። በእሱ ራስ ላይ ነውር የነበረው በአመተሥላሴ ልጅ ራስ ላይ መድኃኒት ሆነ። ልጁ ሲያድግ ጊዜማ ሌሎቹም ጨዋ ነን ባዮች የልጆቻቸውን ራስ እንዲያ ማስላጨት ጀመሩ። የማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም። የበሬን ምስጋና ወሰደው ፈረሱ።

የትምወርቅ ግን በዚህ አልተቀየመችም፤ ልጅ አግኝታለቻ። ሞት እንዳይሰማ ሲባል ልጁ የወለደችውን "እትዬ"፥ የትምወርቅን "እማዬ" እያለ አደገ። ጅረቱን ተሻግሮ ይመጣል፤ ቆሎዋን ይቆረጥማል፤ ከፀጉሩ ክምር ላይ ይተኛል። በመንደሩ ባሪያው ብላ የማትጠራው እሷ ብቻ ነበረች። እንደ ማንኛዋም እናት "የኔ ጌታ" ትለዋለች። እሱ በማይመጣበት ቀን ከሰው ጋር ሳትነጋገር ይመሻል።

ልጁ ለትምህርት ሲደርስ መምህር ስንታየሁ ስሙን አልመዘግብም አለ። ከደብረ ብርሃን የመጣ ወጣት ነው፥ ልቡ ንጹሕ። ይህ ስም ሳይሆን ስድብ ነው፥ ሕዝብ ሁሉ እኩል በሆነበት ዘመን እንዲህ ያለ ቃል ከአፋችን ይውጣ ብሎ ነገሩን በአመተሥላሴ ቤት ማኅበር በወጣ ጊዜ አነሣው። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። የልጁ አባት፥ እኛ ለመድኃኒት ነው እንጂ ማንንም አልሰደብንም አለ። አባ ወልደ ጻድቅ ደግሞ ጢማቸውን እያሻሹ፥ የክርስትና ስሙም ገብረ አማኑኤል ነው፥ የአማኑኤል ባሪያ ማለት ነው፥ ታዲያ እሱንም ልንሽረው ነው ወይ ብለው አሳቁ። አንዱ፥ ለመሆኑ እሷ መቼ ከፍቷት ያውቃል አለ። የትምወርቅ እዚያው ጠላ እየቀዳች ነበር። ቢጠይቋት ቃሉ ባልም ወንድምም እንዳሳጣት፥ ልጁን ግን በዚያው ቃል እንዳገኘችው ትነግራቸው ነበር። አልጠየቋትም።

በመጨረሻ ተወሰነ። ቃሉ ከእንግዲህ በመንደሩ እንዳይነገር፥ የልጁም ስም ተገኘ እንዲባል፥ ቁንጮውም እንዲላጭ። መምህሩ ሲወጣ ወደ እሷ ዞሮ እጅ ነሣ።

"ለእርስዎ ክብር ሲባል ነው እኮ" አላት።

እርስዎ ተብላ አታውቅም።

ቁንጮውን ያስቀመጠው እጅ ራሱ ካላነሣው ሞት ይነቃል የሚል ፍርሃት ነበርና፥ ቅዳሜ ጠዋት አመተሥላሴ ልጁን ይዛ ጅረቱን ተሻገረች። ልጁ አዲስ ቁምጣ ለብሷል፤ ሰኞ ትምህርት ቤት እገባለሁ እያለ ይዘላል። የትምወርቅ እምቢ ለማለት ሌሊቱን ወስና ነበር ያደረችው። ከእሷ በቀር የሚደፍረው እንደሌለ ታውቃለች። እምቢ ብትል ልጁ የእሷ ሆኖ ይቀራል፤ ግን ስድብ ተሸክሞ፥ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ወንድሟ ትዝ አላት። ምላጩን አወጣች።

ስትላጨው ልጁ ሳይነቃነቅ ተቀመጠላት። ራሱ ከእጇ በታች ይሞቅ ነበር። ሲያልቅ አመተሥላሴ አሳሰበቻት።

"የመመለሻውንም ቃል በዪ እንጂ፥ የትምወርቅ።"

የትምወርቅ ምላጩን በቀሚሷ ጠረገች።

"መልሼዋለሁ። ልጄ አይደለም።"

ልጁ ቀና ብሎ አያት። "እማዬ፥ ምን አጠፋሁ?"

አመተሥላሴ እንባዋ መጣ። ወልዳ ስታበቃ ይህን ሁሉ ዓመት እማዬ የሚለውን ቃል ከልጇ አፍ ሳትሰማ፥ ጅረት ማዶ ሲባል እያዳመጠች ኖራለች። የትምወርቅ ይህን ከዚያች ደቂቃ በፊት አስባው አታውቅም፤ ልትጠላት ፈልጋ አቃታት። ልጁን ትከሻውን ይዛ ወደ ወላጁ አዞረችው።

"ምንም አላጠፋህም። እማዬ እሷ ናት፤ በል፥ እማዬ በላት።"

ልጁ አፍሮ፥ በለሆሳስ እማዬ አላት። እናቱ እቅፍ አደረገችውና እየሳመችው ጅረቱን ተሻገሩ። የትምወርቅ የተላጨውን ፀጉር ከመሬት ለቅማ እሳት ውስጥ ከተተችው።

መምህሩ ቃሉን ጠበቀ፤ መንደሩም ጠበቀ። በዚያ ሳምንት ባሪያ ያላት ሰው አልነበረም። በመንገድ ሲያገኟት ቃሉ እንዳያመልጣቸው እየፈሩ ነው መሰል፥ ራሳቸውን ለሰላምታ ነቅንቀው ብቻ ያልፋሉ። ልጁም አልመጣም፤ እናቱ ገና አልጠገበችውም።

ዐርብ ዕለት የፈተለችውን ይዛ ወደ ገበያ ስትወርድ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ሄደች። ልጆቹ ተሰልፈው ነበር። ለትምህርት መክፈቻ ሁሉም ራሳቸውን ተላጭተዋል፤ ከኋላ ሆና ስታያቸው ሁሉም አንድ ናቸው። ከዳር እስከ ዳር ፈለገችው፥ አጣችው። ከመርሐቤቴ የመጣው አዲሱ ዘበኛ ብዙ ቆማ ሲያያት ጠጋ አለና በአክብሮት ጎንበስ አለ።

"ማንን ፈልገው ነው እናቴ? እዚህ ልጅ አለዎት?"

የትምወርቅ ነጠላዋን አስተካከለች።

"የለኝም" አለችው፥ እና መንገዷን ቀጠለች።