ያለ በሽተኛ የበራው መብራት

ሰፈሩ ሁሉ ፊውዝ እያለ ነው የሚጠራት። የመኪና ኤሌክትሪሺያን ስለሆነች ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ቶሎ ስለምትቃጠልም ነው። ሰሞኑን ደግሞ ክፉኛ ተቃጥላለች። ያቃጠላት የገዛ ባሏ፣ የሆስፒታሉ አምቡላንስ ሹፌር ነው። እሑድ ዕለት እህቱ ባለችበት ምሳውን እየጎረሰ፣ «ሽቦ ማገናኘት ምን ሥራ ይባላል? ፒንሳ መያዝ የቻለ ሁሉ ይሠራዋል» ብሎ ቁጭ። እሱ ለጨዋታ ነው ያለው፤ እሷ ግን ጨዋታውን አልወደደችለትም። ሰው ፊት የተናገረውን ቃል ሰው ፊት ካልመለሰ በቀር ላታናግረው ማለች። እሱም ሲያኮርፉት ብሶ የሚያኮርፍ ሰው ነውና፣ ጭራሽ ተበዳይ ሆኖ አረፈው።

ጉድ እኮ ነው፣ በዚያው ሰሞን ሆስፒታሉ አምቡላንሱን ወደ እሷ ጋራዥ ላከው። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ መንገዱን ስለሚውጠው መኪኖች አምቡላንሱን አፍንጫቸው ሥር እስኪደርስ አያዩትም። ስለዚህ አዲስ የኤልኢዲ ጭጋግ መብራት ተገዛለት፤ ከፊት ፓራውልቱ ላይ የሚገባ፣ ቡጢ የሚያህል፣ ግን ሁለት ሥራ የሚሠራ። አንዱን ማብሪያ ሲጫኑት ነጭ ሆኖ ጭጋጉን ይሰነጥቃል። ሌላውን ሲጫኑት ቀይና ሰማያዊ እየሆነ ብልጭ ድርግም ይላል፤ በሽተኛ ይዣለሁና መንገድ ልቀቁ ማለቱ ነው። የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ ከመብራቱ ጋር ማስጠንቀቂያም ልከዋል። አንዱ ሹፌር ሳይረን እያስጮኸ ፀጉሩን ሊቆረጥ ሲሄድ ስለተያዘ፣ ከእንግዲህ በሽተኛ ሳይጭን ብልጭታውን ያበራ ሁሉ ቁልፉን አስረክቦ ወደ ቤቱ ነው። ቀልድ የለም።

ባልና ሚስቱ አምቡላንሱን መሃል አድርገው ቆሙ። ደግነቱ እናቱ አሉ። የሹፌሩ እናት ቤት ውስጥ ብቻቸውን መዋል ስለማይወዱ፣ ጋራዡ በር ላይ ከአሮጌ መኪና በተነቀለ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የሚውሉት። የኩርፊያው ሰሞን መልእክተኛም እሳቸው ናቸው። ሁለቱ አንድ መኪና ብቻ ለይቷቸው ቆመው አንዱ የሌላውን ድምፅ ጥርት አድርጎ እየሰማ፣ ነገሩ ግን በአሮጊቷ በኩል ይዞራል።

ፊውዝ የብልጭታው ማብሪያ የት እንዲሆን እንደሚፈልግ እንዲጠይቁላት አማቷን ለመነች። ልጃቸውም፣ የፈለገችበት ትትከለው፣ ሽቦ መቼም ሽቦ ነው አለ። አሮጊቷ ደግሞ ከእሱ ቀንሰው ከራሳቸው ጨምረው፣ «አንቺ ታውቂያለሽ፣ እጅሽ ይባረክ ነው የሚልሽ» ብለው አደረሱ። ፊውዝ ጆሮ የላትም እንዴ? ፒንሳዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

ንዴቷን ሥራው ላይ ተወጣችው። ፓራውልቱን አወረደች፣ አሮጌውን መብራት ነቀለች፣ አዲሱን አስገባች። ለነጩም ለብልጭታውም የየራሳቸውን ፊውዝ ሰጠች፤ ገመዱን ከሞተሩ ሙቀት አርቃ በላስቲክ ቱቦ አሳለፈች። ማብሪያው ሲቀራት የራሷን ዘዴ ተጠቀመች፤ ሹፌሩ አልነግርም ካለ ዳሽቦርዱን መጠየቅ ነው። የሹፌር እጅ የሚያዘወትረው ቦታ ቀለሙ ይለቅና ያብረቀርቃል። ከመሪው በስተቀኝ፣ መዳፍ የሚያህል ቦታ እንዲያ ሆኖ አገኘችው። እጁ የሚያርፈው እዚህ ነው አለችና ሰፊውን የብልጭታ ማብሪያ እዚያው ላይ ተከለችው። አምቡላንስ ላይ ቤተሰብ መጫን ክልክል ስለሆነ ባሏ ሲነዳው አይታ አታውቅም፤ ታዲያ ያ እጅ እንዴት ሆኖ እንደሚያርፍ በምን ትወቀው?

የእሷ እጅ የነካው መኪና እሷ ተቀምጣበት መንገድ ላይ ካልተሞከረ ከጋራዥ አይወጣም። ይህ ሕጓ ነው፤ ኩርፊያ አይሽረውም። ከጎኑ ገብታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አሮጊቷም ከኋላ የበሽተኛው አልጋ ላይ ወጡ። ቤተሰብ አይጫንም ቢባሉ፣ እኔ ቤተሰብ አይደለሁም፣ ሥራ ላይ ነኝ አሉ። ሹፌሩ ደግሞ የሚስቱን ሥራ ላለማየት ብሎ የላብ መጥረጊያ ፎጣውን ማብሪያው ላይ ጣለበት። ይኸውላችሁ፣ ትልቅ ሰው ሲያኮርፍ እንዲህ ነው።

ነጩ መብራት ደህና ሠራ። ጭቅጭቁ የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው። እሷ በአማቷ በኩል ጉድጓዱን ቀስ ብሎ እንዲያልፍ ላከችበት። እሱ በእናቱ በኩል፣ እኔ መንዳት የጀመርኩት እሷ ሽቦ ከመንካቷ በፊት ነው አለ። እሷም እንግዲያው ፒንሳ የያዘ ሌላ ሰው ፈልጎ ያሠራ ስትል፣ ሹፌሩ «ኤጭ» ብሎ ዳሽቦርዱን በመዳፉ ጧ አደረገው። ሲናደድ ሁሌም የሚመታው እዚያው ቦታ ላይ ነው። ቀለሙን ያስለቀቀውም ይኸው ጥፊ ነበር።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ተከፈተ። ከፊታቸው የነበረው የጭነት መኪና ጥግ ይዞ ቆመ። ታክሲው ጎማውን እግረኛ መንገድ ላይ ሰቀለ። ሹፌሩ ደረቱን ነፍቶ፣ በዚህ ከተማ እኔን የማያውቅ የለም በያት ሲል ወደ ኋላ ላከ። አደባባዩ ላይ ትራፊክ ፖሊሱ ከየአቅጣጫው የሚመጣውን መኪና ሁሉ አስቁሞ አሳለፈው። አንድ ባለሞተር ፖሊስ ደግሞ ከየት መጣ ሳይባል ከፊት ገብቶ ይመራው ጀመር። ሹፌሩ ግራ ገባው፤ ግን ክብር ነው፣ ክብር ደግሞ ማን ይጠላል? ሊታጠፍ ሲል ፖሊሱ በእጁ ቀጥታ ንዳ እያለ ወደ ሆስፒታሉ ወሰደው።

ፊውዝ የአንድ ሱቅ መስታወት ላይ ቀይና ሰማያዊ ሲብለጨለጭ አየች። «እማማ፣ ይንገሩት» አለች። ዞር ስትል አሮጊቷ የሚወዛወዝ አልጋ አግኝተው እንቅልፋቸውን ይለጥጣሉ። አሁን በገዛ አፏ ልትነግረው ነው። አፏን ከፈተች፣ መሐላዋ ትዝ አላት፣ ዘጋችው። ሰውየው መተዳደሪያውን ሊያጣ ነው፤ እሷ ደግሞ ቀድሜ ላናግረው ወይስ አላናግረው እያለች ትሟገታለች። በመጨረሻ አፏ አልታዘዝ ቢላት ፎጣውን መንጭቃ አነሳችው። ሹፌሩ ቀልቶ የሚያበራውን ማብሪያ አየና ላብ አጠመቀው። ምን ዋጋ አለው፣ የሆስፒታሉን በር አልፈው ገብተዋል።

ነርሶች ቃሬዛ ይዘው እየሮጡ መጡ። የኋላውን በር ከፍተው አሮጊቷን አንስተው ሊወስዷቸው ሲሉ እሳቸው ነቁ። ዙሪያቸውን አዩና ወዲያው ነገሩ ገባቸው።

«ልጆቼ፣ እኔ ደህና ነኝ» አሉ። «የታመሙት ከፊት ያሉት ናቸው።»

አስተዳዳሪው ከቢሯቸው ወጡ። ባለሞተሩም የራስ ቁሩን አውልቆ፣ ማነው ያበራው አለ። የሹፌሩ እጅ ወደ ቁልፉ ሲሄድ ያየች ፊውዝ ቀደመችው። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «ማብሪያውን ያለቦታው ተከልኩት። ሥራው ተበላሽቶብኛል።» ሥራዬ ተበላሸ የሚል ቃል ከአፏ ሲወጣ የሰማ ሰው እስከዚያች ቀን አልነበረም፤ ሲወጣም ጉሮሮዋን አቁስሎ ነው የወጣው።

ሹፌሩ ዝም ቢል ኖሮ ቁልፉን ይዞ በሰላም ቤቱ በገባ። ሚስቱን አየ፤ ነርሶቹን፣ ፖሊሱን፣ ዘበኛውን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«የእሷ ሥራ እንከን የለውም» አለ። «እንደ እሷ አድርጎ የሚሠራ እዚህ ከተማ ውስጥ የለም፤ ካለ ይምጣ። ማብሪያውን በጥፊ የመታሁት እኔ ነኝ።» ቁልፉንም አስረከበ።

«አንተ ዝም በል፣ እኔ ነኝ አልኩ» አለችው።

«አንቺ ዝም በይ።»

ከእሑድ ወዲህ በቀጥታ የተባባሉት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው። አስተዳዳሪው ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት፤ ቁልፉን ግን አልመለሱም። ማብሪያው ንዴት ወደማይደርስበት ቦታ እስኪዛወር፣ ሰውየውም ልብ እስኪገዛ ድረስ ሌላ ሹፌር ይነዳዋል ተባለ።

አውቶቡስ ተሳፍረው ተመለሱ። አሮጊቷ ወንበር አግኝተው ተቀመጡ፤ ባልና ሚስቱ ብረቱን ይዘው ቆሙ። ሹፌሩ አጠገቡ ለቆመ አንድ የማያውቀው ሰውዬ ስለ መብራቱ ይተርክለት ጀመር፤ ከተማው በሙሉ እንዴት ቀጥ እንዳለ፣ ይህን የሠራችውም ይቺ ባለቤቴ ናት እያለ። ሰውየው አልጠየቀውም። ፊውዝ አፈረች፤ በክርኗ ጎሸም አድርጋ በቃህ አለችው። ግን እስከ መጨረሻው ፌርማታ ትረካውን ባያቆም ደስታዋ ነበር።