ትራንዚቱ ሳይቆጠር

አሥራ ስምንት ዓመት ለደንበኛ የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጫለሁ። የትኞቹም ሁለት ከተሞች በስንት ኪሎ ሜትር እንደሚራራቁ ጠይቁኝ፤ ሳላስብ እመልሳለሁ። ቢሮ ውስጥ «ሜትሮ» ይሉኛል። እኔም ስሙን እወደው ነበር።

ስለዚህ እህቴ ከውጭ አገር በተሳፈረችበት ማታ፣ እናቴ ከሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሆና «እህትህ መቼ ትደርሳለች?» ስትለኝ፣ ዓይኔን ሳላሽ «ሰባት ሺህ ኪሎ ሜትር ነው እማዬ፤ የዘጠኝ ሰዓት መንገድ» አልኳት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

አንጀቷ ተዘግቶ ነበር። ሐኪሙ ኦፕራሲዮኑ ዛሬ ነገ አይባልም ይላል። እሷ ደግሞ «ስምንት ዓመት ያላየኋትን ልጄን ሳላይ ቢላ ሥር አልገባም» ብላ አሻፈረኝ አለች። ዘጠኝ ሰዓት መባሉን ሲሰማ ሐኪሙ እያጉረመረመ «እስከ ጠዋት እንጠብቃት፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሊፈነዳ ይችላል» አለ።

ጠዋት እህቴ ደወለች።

«ደረስሽ?»

«የት ደርሼ! ትራንዚት ላይ ተጎልቻለሁ እንጂ። ገና ሁለት ሰዓት እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ደግሞ የአራት ሰዓት በረራ አለ። እማዬስ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዘጠኙ ሰዓት አየር ላይ ያለው ብቻ ነው፤ መሃል ላይ ስድስት ሰዓት መቀመጥ አለ። ለስንቱ ደንበኛ እንዲሁ ብያለሁ! «ሲደርስበት ያውቀዋል» እያልኩ እስቅም ነበር። ጥፋቴን ለእህቴ ነገርኳትና ስልኩን ዘጋሁት።

መዋሸት ከጀለኝ። «ከኤርፖርት ወጥታለች» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እናቴ ከንፈሯ ደርቆ፣ ሆዷ ተነፍቶ፣ በሩን በሩን ታያለች። አንጀቴን በላችው። እውነቱን ነገርኳት።

ዓይኗን ከበሩ አንስታ ወደኔ ዞረች።

«በሰው እናት ላይም እንዲህ ነው የምትቀልደው?» አለች። ከዚያ ሐኪሙን አስጠራችው። «በሉ አስገቡኝ። ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«አራት ሰዓት፣ እናቴ» አላት ሐኪሙ።

«የሱ ዓይነት አራት ነው ወይስ የእውነቱ?» ብላ በአገጯ ወደኔ አመለከተች።

ሐኪሙ አልገባውም። እኔ አንገቴን ደፋሁ። አልጋውን እየገፉ ሲወስዷት እጄን ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝ።

እህቴ ሻንጣዋን እየጎተተች ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ፣ ከኦፕራሲዮን ክፍሉ በር በላይ ያለው ቀይ መብራት እንደበራ ነው። ሳንሳሳም «ስንት ሰዓት ይፈጃል አሉ?» አለችኝ።

«አራት።»

«ከገባች ስንት ሆናት?»

«ሰባት ሊሞላት ነው።»

ሻንጣዋ ላይ ቁጭ አለችና እጄን ያዘችኝ።

«ትራንዚቱን ሳይቆጥሩት ቀርተው ይሆናል» አለችኝ።