የባና አምስተኛ ዘፈን

አልዋሽም፤ የመጀመሪያዎቹ አራት ዘፈኖች ግሩም ናቸው። «ባና» የተባለው የከተማችን የዘመሮ ሮክ ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ከእኔ ከሰብሊ በላይ የተደሰተ ሰው የለም። ጊታሩ ሲጀምር ሰውነቴን ይነዝረኛል። ዘፋኙ ትዕዛዙም ሲጮህ እንኳ የመንዝ ልጅነቱ ያስታውቃል።

ደግሞስ ድርሻ አለኝ። ልጆቹ ሲለማመዱ ጎረቤት «በሁዳዴ ይሄ ምን የሚሉት ጩኸት ነው!» ብሎ ሊያስባርራቸው ሲነሳ፣ ድምፁን እንዲያፍንላቸው የእናቴን የሱፍ ባናዎች ከአልጋ ገፍፌ ግድግዳቸው ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። የባንዱ ስምም ከዚያ መጣ። ያን ክረምት እኔና እናቴ በስስ ብርድ ልብስ ስንንቀጠቀጥ ከረምን፤ ቅር አላለንም። አብረውኝ የሚያስተምሩት «የሰይጣን ሙዚቃ ደጋፊ» ሲሉኝም እስቅ ነበር።

አምስተኛው ዘፈን «ሐሴት» ይባላል። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ፈተና እያረምኩ ሳለ ትዕዛዙ ጀመረ፦

በጎቹ ገብተዋል፣ ጭጋጉም ወረደ፣
ሐሴት ብቻ ቀረች፣ ልቤ እሷን ወደደ።

እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ። ወንድሜ ሀዲስ መኪና ተገልብጦበት የሞተ ጊዜ፣ አስከሬኑ ፊት ቆሜ ያወጣሁት ሙሾ ነው። እኔ ያልኩት እንዲህ ነበር፦

በጎቹ ገብተዋል፣ ጭጋጉም ወረደ፣
ሀዲስ ብቻ ቀረ፣ ወዴት ነው የሄደ?

ትዕዛዙ የሀዲስ የልብ ጓደኛ ነበር። ያን ቀን እንዳልወድቅ ክንዴን ይዞ ያቆመኝ እሱ ነው። ለካ እያለቀሰ ይሸመድድ ኖሯል!

ደወልኩለት።

«ሰብልዬ! ሰማሽው?» አለኝ በደስታ።

«የሀዲስን ስም የት ጣልከው?»

«እቴ፣ በሙሾ ማን ይጨፍራል ብለሽ ነው? ሐሴት ደግሞ ለዜማው ልክክ አለችልን። ሙሾ እንደሆነ የአገር ነው፤ ባለቤት የለውም።»

«ባለቤቷን ክንዷን ይዘህ አልነበር እንዴ!»

«አትቆጪ በናትሽ። አልበሙ ላይ አመስግነንሻል እኮ። ለባናዎቹ።»

ዘጋሁበት። ባጎረስኩ ተነከስኩ። ያ ሙሾ ከወንድሜ የቀረኝ ነው፤ ሲብስብኝ በር ዘግቼ የማለቅሰው በእሱ ነበር። አሁን ግን ዘመሮ ውስጥ ሐሴትን የማያስጮህ ሱቅ ጠፋ። ተማሪዎቼ ሳይቀሩ በእረፍት ሰዓት ይጨፍሩበታል። ለእናቴ ምንም አልነገርኳትም።

ሙት ዓመቱ ሲደርስ፣ ቀብሩ ላይ ያልነበሩት አክስቴ ጌታነሽ ከቀየት መጡ። ገና ከደጅ «ሀዲስዬ!» ብለው ሲጮሁ ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሳ። ሙሾ ማውጣት የእህት ነው፤ ሁሉም እኔን አየኝ። ቆምኩና «በጎቹ ገብተዋል...» ብዬ ጀመርኩ።

በሩ አጠገብ የቆሙት ልጃገረዶች ሳያስቡት ማጨብጨብ ጀመሩ። «ሐሴት ብቻ ቀረች!» ብላ አንዷ ተቀበለችኝ። ወዲያው ደንግጣ አፏን ያዘች። በእሷ አልፈርድም፤ የምታውቀው እንዲያ ነው።

እናቴ ከነጠላዋ ውስጥ ቀና አለች።

«ልጄ፣ ሐሴት ማናት?»

ሙሾውን ልቀጥል አፌን ስከፍት ቀድሞ ምላሴ ላይ የመጣው የሀዲስ ስም አልነበረም። ተቀመጥኩ። አክስቴ ብቻቸውን አለቀሱለት።